«ርስት» ይሸጣልን? ስለ አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ ትርጉም የቀረበ ሂስ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ በቅርቡ ለግምገማ ቀርቦልኝ ነበር። ማስታወቂያው በእንግሊዝ አገር በኒውማርኬት ከተማ አጠገብ መኖሪያ ቤትና የእሽቅድምድም ፈረሶች ማሠልጠኛ ያለበት ሰፊ የገጠር ቦታ እንደሚሸጥ የሚያስታውቅ ነው። የሻጩ ማንነትና የቦታው መጠሪያ ለጉዳያችን ስለማያስፈልጉ አልጠቅሳቸውም። ተርጓሚው ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ዐረፍተ ነገሩ የማይደናቀፍ፣ ስለ ፊደሉም የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ይሁን እንጂ አማርኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ በትክክል ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም የባሰው፣ የማይሸጠውን ሁሉ የሚሸጥ አድርጎ ይረዳዋል። የግልቢያ ሜዳው፣ ፈረሶቹና የአሠልጣኝነቱ ሥራ ከመሬቱና ከቤቱ ጋር ለገዢው የሚተላለፉ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛው ግን ከሦስቱ አንዱም ለሽያጭ አልቀረበም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተርጓሚውን መንቀፍ አይደለም። ስሕተቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት እኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከሰጠነው መሣሪያ ነው። ለዕቃው ስም እንሰጣለን፤ ሰው በዕቃው ላይ ያለውን መብት ግን ሳንሰይመው እናልፋለን። የሽያጭ ጽሑፍ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የመብት ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የቃላቱን ምርጫ በዚህ ሚዛን ተራ በተራ እንመልከት።

ሀ. ስለ «ርስት»

ትርጉሙ የሚጀምረው «የፈረስ ጋጣዎችና የግልቢያ ሜዳ ያለው የገጠር ርስት» በማለት ነው። «ርስት» የገባው እንግሊዝኛው «እስቴት» በሚለው ቦታ ነው።

ርስት በአማርኛ መሬት ማለት ብቻ አይደለም። ከአቅኚው አባት ጀምሮ የሚቈጠር የትውልድ መብት ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል በነበረው ሥርዐት ሰው ርስት የሚያገኘው በመወለድ ነበር። በአባቱም በእናቱም በኩል ዘሩን ቈጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል፤ ድርሻውን ለባዕድ ሊያስተላልፍ ቢነሣም ዘመዶቹ ይሟገቱታል። «ርስት በሺሕ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አነጋገር የዚህ ሥርዐት ቃል ነው። ከሃይማኖት መጻሕፍት የወረስነው «ምድረ ርስት» የሚለው ሐረግም ተስፋንና ቃል ኪዳንን ያሳስባል እንጂ ገበያን አያሳስብም። እንግዲህ «የሚሸጥ ርስት» የሚል ሐረግ ባለቤቱ የማይለቀው ነገር በዋጋ ቀረበ እንደ ማለት ነው፤ ቃሉና ግሡ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።

ተርጓሚው ወደዚህ ቃል የሄደበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ የገጠር መሬት ሽያጭ ቋንቋ ከዕለት አገልግሎት ወጥቷል። ሕያው ቃል ያጣ ተርጓሚ ከጓዳ የቈየውን ያወጣል። «ይዞታ» ቢል ይሻል ነበር የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን አልስማማም። ይዞታ በዛሬው የሕግ አማርኛችን በመሬቱ መጠቀምን የሚያመለክት ሲሆን መሸጥን አይጨምርም። ኒውማርኬት አጠገብ ያለው ሻጭ የሚሸጠው ደግሞ መሬቱን ከነባለሀብትነቱ ነው። «ጉልት»ም አይሆንም፤ ጉልት ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት እንጂ መሬቱ ራሱ አይደለምና።

በዚህ ረገድ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ካርድ ስንሞላ፣ «እስቴት» በሚለው ቃል ፊት «ርስት» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ ሌላ ፍችም አልጨመርሁበትም። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ አንድ ሽማግሌ ባሕር ማዶ የሞተ ወንድማቸውን የሚመለከት ደብዳቤ ከነትርጉሙ ይዘው መጡ። ትርጉሙ ከሟቹ «ርስት» ድርሻ እንዳላቸው ይገልጻል። «ልጄ፣ ወንድሜ መሬት ነበረው ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንግሊዝኛውን ሳየው የሚናገረው ሟቹ ትቶት ስለሄደው ንብረት ሁሉ ነበር፤ እሱም በባንክ የተቀመጠ ጥቂት ገንዘብና የቤት ዕቃ ነው። መሬት የለበትም። ሽማግሌው የወንድማቸውን መሬት አይተው ሊሳለሙ አስበው ኖሮ ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ሁለተኛ መርዶ ያረዳኋቸው ያህል ተሰማኝ። ተርጓሚው ከማን ካርድ እንደ ቀዳ አላውቅም፤ የእኔ ካርድ ግን የሚለው ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ «እስቴት» ቢያንስ በሁለት ቍጥር መከፈል አለበት። ሰው ሲሞት የሚተወው ሲሆን «የውርስ ሀብት» ይባል። የገጠር ቤትና መሬት ሲሆን ደግሞ «የገጠር ቦታ ከነቤቱ» ተብሎ የባለሀብትነቱ ዓይነት በግልጽ ይጻፍ። «ባለሀብትነት» የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚሠራበት ቃል ስለ ሆነ ለዚህ ይበቃል። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገንም።

ስለ ስፋት መለኪያም አንድ ነገር ልጨምር። ተርጓሚው ኤከሩን ወደ «ጋሻ» መልሶታል። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል፤ ኤከር ደግሞ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ነው። ነገር ግን ጋሻ እንደ አገሩና እንደ መሬቱ ለምነት ሲለዋወጥ የኖረ፣ ከግብርና ከአገልግሎት ጋር የተሳሰረ መለኪያ ነው። ኤከር የማይለወጥ ልክ ነው። ወደ ሄክታር ቢመለስ አሻሚነቱ ይወገዳል።

ለ. ስለ «ያለው»

ሁለተኛው ችግር ያለው በስም ላይ ሳይሆን በግሥ ላይ ነው። አማርኛ «አለው» በሚለው ቃል እጅግ ብዙ ሥራ ያሠራል። ሰው ቤት አለው፣ ልጅ አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ ጉንፋን አለው እንላለን። ሀብትን፣ ዝምድናን፣ ግዴታንና ሕመምን የምንገልጸው በአንድ ቃል ነው። በዕለት ንግግር ዐውዱ ስለሚያግዘን ችግር የለም። በሽያጭ ጽሑፍ ግን «የግልቢያ ሜዳ ያለው» የሚል ሐረግ ገዢን ያሳስታል።

ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የቦታውን አሠራር ማወቅ ያሻል። ኒውማርኬት ከለንደን በስተ ሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ከተማ ናት። ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ፣ ይልቁንም በንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ዘመን፣ የእሽቅድምድም ማእከል ሆናለች። ዛሬ በከተማዪቱና በአካባቢዋ ወደ 3,000 የሚጠጉ ፈረሶች ይሠለጥናሉ። ፈረሶቹ በየማለዳው የሚጋልቡባቸው ሜዳዎች ስፋት ወደ 2,500 ኤከር ማለትም 1,000 ሄክታር ገደማ ነው። እነዚህ ሜዳዎች በአብዛኛው የየማሠልጠኛው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1750 የተቋቋመው የጆኪ ክለብ ሜዳዎች ሲሆኑ፣ አሠልጣኞች የሚጠቀሙባቸው ለእያንዳንዱ ፈረስ እየከፈሉ ነው። እንግሊዝኛው ማስታወቂያ የሚለውም በእነዚህ ሜዳዎች መጠቀም እንደሚቻል ብቻ ነው። አማርኛው «ያለው» ሲል ሜዳውን ከቦታው ጋር ሸጠው።

ነገሩ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በአየርላንድ በቲፐሬሪ የሚገኘውን ባሊዶይልን እንውሰድ። ቪንሰንት ኦብራየን እ.ኤ.አ. በ1951 እርሻ የነበረውን ቦታ ገዝቶ የግልቢያ ሜዳዎቹን በገዛ መሬቱ ላይ አበጀ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሦስቱን የእንግሊዝ ታላላቅ ውድድሮች ማለትም የሁለት ሺሕ ጊኒን፣ የደርቢንና የሴንት ሌጀርን ያሸነፈው ኒጂንስኪ የሠለጠነው እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሲሸጥ ሜዳው አብሮ ይሸጣል፤ በኒውማርኬት ግን አይሸጥም። የሁለቱ የዋጋ ልዩነት ከፍ ያለ ሲሆን አማርኛው ለሁለቱም «የግልቢያ ሜዳ ያለው» ይላል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ለመጀመሪያው ዓይነት «የራሱ የግልቢያ ሜዳ ያለው»፣ ለሁለተኛው «በክፍያ በጋራ የግልቢያ ሜዳዎች መጠቀም የሚቻልበት» ማለት ይበቃል። «አላባ» የሚለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቃል እናምጣ የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አላባ በሌላው ሰው ንብረት መጠቀምንና ፍሬውን መውሰድን የሚያጠቃልል ሰፊ መብት ነው። ፈረስን በማለዳ ለማስጋለብ ከፍሎ መግባትን አላባ ማለት ጠባቡን በሰፊው መጥራት ይሆናል።

እዚሁ ላይ ተርጓሚው «የግልቢያ ሜዳ»ን በሌላ ቦታ «የሩጫ ሜዳ» ብሎታል። «የፈረስ ሩጫ ሜዳ» ሲባል የአዲስ አበባ አንባቢ የሚያስበው ጃንሜዳን ነው። ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ዳኛ የሚቆምበት፣ አሸናፊ የሚታወቅበት ስፍራ ይታየዋል። ኒውማርኬትም ራውሊ ማይልና ጁላይ ኮርስ የሚባሉ ሁለት የውድድር ሜዳዎች አሏት። የግልቢያ ሜዳ ግን የልምምድ ቦታ ስለ ሆነ ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም። ለልምምዱ ደረጃዎችም የራሳችን ቃላት አሉን። ከእርምጃ ቀጥሎ «ሶምሶማ»፣ በሙሉ ፍጥነት ሲሆን «ሽምጥ» እንላለን፤ «ደንገላሳ»ን በሁለቱ መካከል ላለው እርከን ብናውለው ትርጉሙ ሙሉ ይሆናል። ተርጓሚው ሁሉንም «ሩጫ» በማለት አልፏቸዋል። ፈረሰኛ ለነበረ ሕዝብ ቋንቋ ይህ የሚያስቈጭ ድህነት ነው።

ሐ. ስለ «ጋጣ» እና ስለ ፈረሶቹ

እንግሊዝኛው አራት ቃላትን ለይቶ ይሠራባቸዋል። «ቦክስ» አንድ ፈረስ ሳይታሰር ብቻውን የሚያድርበት ክፍል ነው። «ስቴብል» ቤቱ ነው፤ በአንድ አሠልጣኝ ሥር ያሉ ፈረሶችም በአንድነት በዚህ ቃል ይጠራሉ። «ያርድ» ክፍሎቹ የሚከቡት ግቢ ነው፤ የማሠልጠኛው መጠሪያም እሱ ነው። «ስተድ» ደግሞ ማሠልጠኛ ሳይሆን ማርቢያ ነው፤ ድንጉላና ባዝራ የሚገናኙበት፣ ውርንጭላ የሚያድግበት። ተርጓሚው አራቱንም «ጋጣ» ብሏቸዋል። «በረት» አለማለቱ ያስመሰግነዋል፤ በረት የቀንድ ከብት ነውና። ነገር ግን «ጋጣ» ብቻውን አራቱን ሊሸከም አይችልም። «ጋጣ»ን ለአንዱ ፈረስ ክፍል፣ «የፈረስ ቤት»ን ለሕንጻው፣ «የማሠልጠኛ ግቢ»ን ለያርድ፣ «የፈረስ ማርቢያ»ን ለስተድ መመደብ ይቻላል። እንዲህ ያሉ ቦታዎች የሚገመቱት በጋጣቸው ብዛት ስለ ሆነ ልዩነቱ የዋጋ ጉዳይ ነው።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ያለው ግን በአንዲት ቅጥያ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ግቢው 60 ጋጣ እንዳለው ይናገራል። አማርኛው «60 ፈረሶችን የያዘ» ይላል። «የሚይዝ» ቢል ኖሮ የቦታውን ችሎታ በገለጸ ነበር። «የያዘ» ሲል ፈረሶቹ አሁን ውስጥ እንዳሉና አብረው እንደሚሸጡ ነገረን። አንድ የግሥ መልክ 60 ፈረስ ጨመረ ማለት ነው።

ፈረሶቹ የማሠልጠኛው ባለቤት ላይሆኑ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሌሎች ሰዎች ንብረት ናቸው። ባለፈረሶቹ ለአሠልጣኙ የማሠልጠኛ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ግቢው ሲሸጥም ፈረሶቻቸውን ወደ ፈለጉት አሠልጣኝ ይወስዳሉ። ትርጉሙ «ባለቤት» የሚለውን ቃል ለቦታውም ለፈረሱም ባለቤት ስለሚሠራበት አንባቢው ሁለቱን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። የፈረሱን «ባለፈረስ»፣ የቦታውን «ሻጭ» ወይም «ባለቦታ» ብሎ መለየት ይበቃ ነበር።

አማርኛ አንባቢ ሁለቱን አንድ ማድረጉ ምክንያት አለው። በእኛ ባህል ፈረስና ጌታው በስም እንኳ አይለዩም። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አራተኛው ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው የተጠሩት በፈረሶቻቸው ነው። በኒውማርኬት ግን ፈረስ የራሱ የተመዘገበ ስም አለው፤ ባለፈረሱ የሚሰጠው ጋላቢው የሚለብሰውን የቀለም ምልክት ነው። ፈረሱም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1766 የተመሠረተው የታተርሶልስ ጨረታ ቤት ፈረስ የሚሸጠው ዛሬም በጊኒ እየጠራ ሲሆን፣ አንድ ጊኒ 1.05 ፓውንድ ነው። በእኛ ቋንቋ ፈረስ የክብርና የጦር ጓደኛ ነው፤ በዚያኛው የስፖርትና የገበያ ሀብት ነው። ተርጓሚ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ካላወቀ ቃላቱ ራሳቸው ወደ ቀድሞ ቤታቸው ይመልሱታል።

መ. ስለ «አሠልጣኝ»

በዚህ ቃል ተርጓሚው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። «ገሪ» ይባል የሚሉ አሉ፤ ቃሉ ጥንታዊና ውብ ነው። ነገር ግን መግራት ልጓምና ኮርቻ ያልለመደን ፈረስ ማስለመድ ነው። የእሽቅድምድም ፈረስ ይህን የሚጨርሰው ገና በልጅነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት ሥራ ጉልበቱንና ትንፋሹን ማዳበር ስለ ሆነ የስፖርት ቋንቋችን «አሠልጣኝ» የሚለው በቂ ነው። «ገሪ»ን ለመጀመሪያው ደረጃ ብናስቀረው ሁለቱም ቃላት ሥራ ያገኛሉ።

ከአሠልጣኙ ሥር ሆኖ መኖውን የሚመድበው፣ የፈረሶቹን ጤና በየማለዳው የሚመለከተው፣ ሠራተኞቹን የሚያዝዘው ሰው በትርጉሙ «የጋጣ ኃላፊ» ተብሏል። እዚህ ግን አማርኛ የተዘጋጀ ቃል ነበረው፤ እሱም «ባልደራስ» ነው። ባልደራስ የቤተ መንግሥቱን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚመራ ሹም ነበር። ዛሬ ቃሉን ብዙው ሰው የሚያውቀው በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆኖ ነው። ሥራው ተመሳሳይ ስለ ሆነ ማዕረግነቱን ትተን ሙያነቱን ብናነሣ ቃሉ ይድናል።

አሠልጣኝነትን በተመለከተ አንድ የመብት ጉዳይ ይቀራል። ትርጉሙ «ፈቃድ ያለው ማሠልጠኛ» ይላል። በብሪታንያ የአሠልጣኝነት ፈቃድ የሚሰጠው ለአሠልጣኙ እንጂ ለቦታው አይደለም። ገዢው ግቢውን ስለ ገዛ አሠልጣኝ አይሆንም። «ፈቃድ ባለው አሠልጣኝ ሲሠራበት የቈየ» ቢባል እውነቱ ይጠበቃል።

ሠ. ስለ «ንጹሕ ዘር»

የፈረሶቹ ዘር «ቶሮብሬድ» ሲሆን ተርጓሚው «ንጹሕ ዘር» ብሎታል። ይህ የአንድ የታወቀ ዘር መጠሪያ እንጂ የንጽሕና ምስክር ወረቀት አይደለም። የዚህ ዘር የአባት ሐረግ የሚወጣው ከምሥራቅ ወደ እንግሊዝ ከገቡ ሦስት ድንጉላዎች ማለትም ከባየርሊ ቱርክ፣ ከዳርሊ አረቢያንና ከጎዶልፊን አረቢያን ነው። እነሱም በእንግሊዝ ከነበሩ ልዩ ልዩ ባዝራዎች ጋር ተዳቅለዋል። ዘሩን ዘር ያሰኘው ድቅል አለመሆኑ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1791 በወጣው የዘር መዝገብ የትውልዱ መቈጠር ነው። ስለዚህ «የመዝገብ ዘር ፈረስ» ብንለው ምንነቱን ይገልጻል። አንባቢው እስኪለምደው «ቶሮብሬድ» የሚለውን ስም አብሮ መጻፍ ይቻላል።

ረ. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለውን መሠረት በማድረግ ለቃላት ኮሚቴው የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

1. «ርስት» ለ«እስቴት» አቻ ሆኖ ከቀረበባቸው ካርዶች ይውጣ። በምትኩ «የውርስ ሀብት» እና «የገጠር ቦታ ከነቤቱ» በሁለት ቍጥር ይግቡ። «ርስት» በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ በራሱ ትርጉም ይጠበቅ።

2. በሽያጭና በውል ጽሑፍ «ያለው» የሚለው ቃል ባለሀብትነትን ነው ወይስ መጠቀምን የሚለው ሳይለይ አይጻፍ። የቦታን ችሎታ ለመግለጽም «የያዘ» ሳይሆን «የሚይዝ» ይባል።

3. ጋጣ፣ የፈረስ ቤት፣ የማሠልጠኛ ግቢ፣ የፈረስ ማርቢያ፤ ገሪ፣ አሠልጣኝ፣ ባልደራስ፣ ባለፈረስ፤ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ፤ የመዝገብ ዘር በአንድ የሙያ ዝርዝር ተመድበው ውይይት ይደረግባቸው።

አንዳንድ አንባቢ «በአገራችን ማን የኒውማርኬትን ማሠልጠኛ ይገዛል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ርስት»፣ «ያለው» እና «የያዘ» የሚገኙት በፈረስ ማስታወቂያ ውስጥ ብቻ አይደለም። በውርስ ደብዳቤ፣ በኪራይ ውል፣ ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን በሚፈርሙት የቤት ግዢ ሰነድ ሁሉ ይመላለሳሉ። ማስታወቂያውን የመረጥሁት የሚሸጠውና የማይሸጠው ጎን ለጎን ስለሚታይበት ነው። ለተርጓሚው ረቂቁን ከዚህ ጽሑፍ ጋር መልሼለታለሁ፤ የራሴን አሮጌ ካርድም እርማት ጽፌበት ለኮሚቴው አስረክቤያለሁ።